በናጊ ፈንታ የሮጡት

ግንቦት 12፣ አኪታ

ኩኒሂኮ፣

እናንተ ዘንድ ሰው ሸሚዙን አውልቆ በሚሠራበት በዚህ ወር እኛ ጋ ተራራው ገና ነጭ ነው። የላክኸው ደረቅ ዓሣ ደርሶኛል። ባለቤቴ ሾርባ ስትሠራበት ቤቱ በሙሉ የደሴታችንን ወደብ ሸተተኝ፤ ሳላስበው ደግሜ ጨምሪልኝ አልኳት። "የናፈቀህ ሰውየው ነው ወይስ ዓሣው?" አለችኝ።

በስልክ ከመጯጯህ በደብዳቤ እንነጋገር ያልከው ጥሩ ነው። ጆሮህን ያደነቆረው የዓሣ መቀቀያው ጩኸት ነው ትላለህ። እኔ የማውቅህ ግን ተማሪ ሳለንም "አቀብል" ስትባል አትሰማም ነበር።

አዎ፣ የልጅ ልጅህን አየሁት። ናጊ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከሦስተኛ ዓመት ልጆች ጋር አጫወትኩት። ሦስት ሆነው የዳር መስመሩ ላይ አጣበቁት። ልጁ ኳሷን የረሳት መስሎ ቆመ። ከዚያ ሦስቱ ወዲያ ሄዱ፣ እሱ ወዲህ ወጣ። ረዳቴን "እንዴት አለፋቸው?" ብለው "ሳስነጥስ አመለጠኝ" አለኝ። አላስነጠሰም። አላየውም፤ እኔም አላየሁትም። አንተን ብቻ አየሁ፣ ከነአካሄድህ።

ይህን የመሰለ ልጅ ማሊያ ማግኘቱ መቼም አይቀርም ብለሃል። ሊቀር ይችላል። በትምህርት ቤቱ ቡድን መቶ ስድሳ ልጆች አሉኝ። ለዋናው ውድድር ማሊያ የሚደርሳቸው ሃያ ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ተመልካች መካከል ቆመው እየዘፈኑ ሦስት ዓመታቸውን ይጨርሳሉ። ዛሬ ሁሉም ልጅ ምን ያህል እንደሮጠ የሚለካ ዕቃ ጀርባው ላይ ያስራል። የናጊን ሳየው ከበረኛው ትንሽ ይበልጣል። ኳስ እግሩ ሥር ካለች ከልጆቼ ሁሉ የሚደርስበት የለም። ከሌለች ግን ቆሞ ያያል፤ ልክ እንዳንተ። በእኛ ጊዜ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ቡድኑ ይሸከመው ነበር። የዛሬ ኳስ ሰው አይሸከምም።

እናቱ ቺሆ እንዳትጨነቅ ንገራት፤ ይበላል፣ ይተኛል። ዝም ያላት ማደሪያ ሲገቡ ስልካቸውን ስለምንሰበስብ ነው።

ሾዞ

ሰኔ 18፣ ጎቶ

ሾዞ፣

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ፍራሻችን እንኳ አልደረቀም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። ዓሣው ባንድ ጊዜ መጣ፤ እሱ ደግሞ እንደ ጓደኛ አይታገሥም።

ልጁን ሩጫ አስተምረው፣ አልከለክልህም። ሰነፍ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን ያንን የቆየ ክርክራችንን እንደገና አትጀምርብኝ። አንተ ትሮጥ ነበር፣ እኔ እጫወት ነበር። አንተን የኳስ ቡድን ያለው ፋብሪካ ወስዶ እስክታረጅ አሰለፈህ፤ እኔን ሞክረው መለሱኝ፣ ይኸው ዓሣ አደርቃለሁ። አሸንፈሃል። ዕድሜ ልክህን ስትነግረኝ ኖረሃል፣ ይበቃናል።

"ልክ እንዳንተ" ስትል መምህራችን ትዝ አለኝ። አብዶ ልሠራ ብዬ ኳስ ሳስነጥቅ እኔን አይቀጣኝም ነበር። እናንተን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ያስሮጣችኋል፤ እኔን መሃል ላይ አቁሞ ያሳየኛል። ያፍራል ብሎ ነው። አንተ በአጠገቤ ባለፍክ ቁጥር "ኩኒ፣ ዛሬ እገልሃለሁ" ትለኛለህ፤ እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። ፊትህ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ነበር።

ናጊ ግን እኔን የሚመስለው በእግሩ ብቻ ነው። በሌላው ሟች ባለቤቴን ነው የወጣው። ሕፃን ሳለ የድመት ጅራት ረግጦ፣ ድመቷ ካልመጣችና ይቅርታ ካልጠየቅኋት እራት አልበላም ብሎን ያውቃል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ኳስ ሲይዝ "አቀብል" ከማለትህ በፊት አንድ ጊዜ ምራቅህን ዋጥ አድርግ። ያቺ ነገሩ ከጠፋች አንድ ተጨማሪ ሯጭ ይኖርሃል እንጂ ናጊ አይኖርህም። እኔ የቀረሁበት ቦታ እሱ ይደርሳል ብዬ ነው አንተ ዘንድ የላክሁት። ሌላ ሰው ዘንድ አልክም ነበር።

ኩኒሂኮ

ጥቅምት 30፣ አኪታ

ኩኒሂኮ፣

ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ማየት ጀምረናል። በውድድሩ ምክንያት ሦስቱ ደብዳቤዎችህ ሳይመለሱ ጠረጴዛዬ ላይ ተደራርበዋል፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ወድቀን ተመልሰናል። አሁን እጄ ተፈትቷል።

ደስ የሚልህን ላስቀድም። ናጊ በመጀመሪያ ዓመቱ ማሊያ አገኘ፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር። ከነሐሴ ወዲህ ሌላ ልጅ ሆኗል። ኳስ ከተነጠቅን ቀድሞ የሚመለሰው እሱ ነው። ረዳቴ "አሰልጣኝ፣ መንታ ወንድም አለው እንዴ? ሰነፉን ወስደው ታታሪውን ላኩልን" ብሎኛል። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ያዘዘው ሰው የለም።

ምን አድርገህበት ነው ለሚለው፣ የተለየ ነገር አላደረግሁም። ሌላውን ልጅ የማደርገውን ነው። ዝርዝሩ ለደብዳቤ አይመችም፣ ስንገናኝ እናወራዋለን።

አብዶውስ ብለሃል። አልፎ አልፎ አለ። አሁን መርጦ ነው የሚሠራው።

ባለቤቴ ሰላም ትልሃለች። ጉልበትህን ለሐኪም አሳየው፤ "ራሱ ይድናል" የሚባል ጉልበት በእኛ ዕድሜ የለም።

ሾዞ

ጥር 7፣ ጎቶ

ሾዞ፣

አዲሱ ዓመት ለአንተም ለባለቤትህም በጤና ይግባ። ናጊ ለበዓሉ መጥቶ ሰንብቶ ትናንት በጀልባ ተመለሰ።

ሥርዓት ያለው ልጅ አድርገህ ልከህልኛል። ገና ሲገባ የእኔን ጫማ ሳይቀር አስተካክሎ አስቀመጠ። የበዓሉን የሩዝ ጥፍጥፍ አንድ ብቻ ቀምሶ "ይከብደኛል" አለ። ገና ሳይነጋ የባሕሩን ግንብ ይዞ ይሮጣል። የዓሣ ገበያው ሰዎች "የኩኒሂኮን ልጅ ማን ነው የሚያባርረው?" ይሉኛል።

አንድ ቀን እናቱ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ቀረን። "አባባ፣ ባንተ ጊዜ ሌሎቹ ባንተ ጥፋት ሲሮጡ ምን ታደርግ ነበር?" አለኝ።

"እስቅ ነበር" አልኩት።

አልሳቀም። የሰው ኪስ ውስጥ እጄን ስከት እንደያዘኝ ሆኖ አየኝ። ከዚያ ነገረኝ። በሐምሌው ሙቀት ሰው ላልፍ ብሎ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር ቡድኑ በሙሉ ይሮጣል፤ እሱ መሃል ላይ ቆሞ ያያል። አብሮት የሚያድረው ታይሺ የሚባል ልጅ አንድ ቀን ሮጦ ሮጦ ናጊ እግር ሥር አስታወከ። በማግስቱ ያው ታይሺ ቀድሞ ተነሥቶ የናጊን ፍራሽ አጥፎለት አገኘው።

"ተቆጥተውሃል?" አልኩት።

"ማንም አልሰደበኝም፣ አባባ። ቢሰድቡኝ ጥሩ ነበር።"

ስንገናኝ እናወራዋለን ያልከኝ ነገር ይህ ከሆነ ልጁ ቀድሞህ አውርቶታል። አሁንም ታደርገዋለህ? ይህን ብቻ መልስልኝ።

ኩኒሂኮ

የካቲት 2፣ አኪታ

ኩኒሂኮ፣

በረዶው መስኮቱ ድረስ ደርሷል፤ ልምምዱ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ዘገየሁ ብልህ ስለማታምነኝ አልልም።

አላደርገውም። ነሐሴ ካለቀ ወዲህ አላደረግሁትም። ግን ራርቼ አይደለም፣ አላስፈለገም። አሁን ኳስ ሲደርሰው ሰው ሳይጠጋው ይለቃታል፤ ማንም የሚሮጥበት ምክንያት የለም።

ያንን ቅጣት የመረጥኩት ቀላል መስሎኝ ነው። አንተ ላይ ሲሠራበት አይቻለሁ፤ አንዲት ፀጉርህን አልነካም። መምህራችን እስክንመረቅ ድረስ እኛን አስሮጦን አንተን አላስተካከለህም። ናጊም ይስቃል፣ ትንሽ ያፍራል፣ ትንሽ ይሮጣል፣ የቀረው ሳይነካ ይቀራል ብዬ አሰብኩ። መድኃኒቱ ደካማ ነው ብዬ ደጋግሜ ሰጠሁት።

ልጆቹም አላጉረመረሙም። "እገልሃለሁ" የሚል አንድ እንኳ አልነበረም። የዛሬ ልጆች ጨዋ ናቸው። ያን ጊዜ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ነበር ያየሁት።

በሩጫው ግን አሁንም እሟገትሃለሁ። ቴሌቪዥንህን ክፈትና ተመልከት። እነዚያ ዓለም የሚያጨበጭብላቸው ሁሉ ኳስ ሲነጠቁ እንደ ውሻ ነው የሚያሳድዱት። የእግር ጥበብ ያለ ሩጫ አንተ ነህ። ሩጫ ያለ እግር ጥበብ እኔ ነኝ። ሁለታችንን በአንድ ልጅ ላይ ላገኝ ነበር።

ከሚያዝያ፣ ከአዲሱ የትምህርት ዓመት ጀምሮ ስምንት ቁጥር የሱ ነው። ቋሚ ተሰላፊ። ለእናቱ ንገርልኝ።

ሾዞ

ሚያዝያ 9፣ ጎቶ

ሾዞ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። ይህኛው አጭር ስለሆነ ተርፏል።

ቺሆ ደስ ብሏታል። የክፍሉ መምህር "ለሌሎች አርአያ የሆነ ልጅ" ብለው ጽፈውላታል። እንዲህ ከቀጠለ ዩኒቨርሲቲ ያለ ክፍያ ሊገባ ይችላል ተብሏል። ፊቴን ስታይ "አባዬ፣ ደግሞ ምን ቅር አለህ?" ትለኛለች። ምን ልበላት? ልጅሽ ታታሪ ሆነ ብዬ ላልቅስባት? አንተንስ ማን ዘንድ ልክሰስህ? ልጄን ጎበዝ አደረገብኝ ብዬ?

ልጁን እንደነበረ አድርገህ መልስልኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ምኑን ትለኛለህ። ያ ነገሩ ካለፈ በኋላ ብቻ የሚታይ ነበር። አንተ ራስህ አላየሁትም ብለሃል፤ እኔም ስንት ዓመት ፊት ለፊቴ ሲያደርገው አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ጠፍቷል የምለው ነገር ምን እንደሚመስል ሳላውቅ እንዴት ፈልግልኝ እልሃለሁ?

የዘንድሮው ዓሣ ጥሩ ነው፣ ልኬልሃለሁ። ተቆጥቼ ያስቀረሁት እንዳይመስልህ።

ኩኒሂኮ

መስከረም 3፣ አኪታ

ኩኒሂኮ፣

ማታ ማታ የጥንዚዛው ጩኸት ቀንሷል፤ ቀኑ ግን አሁንም ያቃጥላል። ስላስቀየምኩህ ነገር ደጋግሜ ልጽፍ ብዬ የአየር ሁኔታ ብቻ ጽፌ እተዋለሁ። ባለቤቴ "አንተ ሰው፣ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው እንዴ የምትጽፍለት?" ብላኛለች።

የድሮውን ናጊ ለመመለስ ሞክረሃል ወይ ላልከኝ፣ ሞክሬያለሁ። በሰኔ ለብቻው ጠርቼ "ከአሁን በኋላ ሜዳ ላይ እንደፈለግህ ሁን" አልኩት። ቀጥ ብሎ ቆሞ አዳመጠኝና "አሰልጣኝ፣ ምን እንድፈልግ ነው የሚፈልጉት?" አለኝ። እያሾፈ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም። ሊታዘዘኝ ፈልጎ ነው።

በሐምሌ ደግሞ ማቀበል የተከለከለበት ልምምድ አዘጋጀሁ። ኳስ የያዘ ልጅ ፊቱ ያለውን ሰው ማለፍ አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም። ናጊ ሞከረ፤ ተነጠቀ። ማንም ምንም ሳይለው፣ እኔም ፊሽካ ሳልነፋ፣ መስመሩን ይዞ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር መሮጥ ጀመረ። "ተመለስ፣ ማንም አላዘዘህም" ብዬ ጮህኩ። ጨርሶ ነው የተመለሰው። "ይቅርታ፣ ሌሎቹ ከሚሮጡ ብዬ ነው" አለኝ።

ያን ልምምድ ትቼዋለሁ።

አንድ የማልወደው ነገር ልንገርህ። ዘንድሮ የሚገጥሙን ሁሉ መሮጣችንን ስለሚያውቁ ኋላ ተሰብስበው ይጠብቁናል። ተሰብስቦ የሚጠብቅን ቡድን ሩጫ አይከፍተውም። አንድ ሰው አልፎ የሚሄድ አንድ ልጅ ይበቃኝ ነበር። ሯጭ ብቻ ነው ያለኝ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ የክፍለ ሀገሩ ፍጻሜ አለ፤ እዚያ መድረሳችን አይቀርም። መጥተህ እየው። ምናልባት አንተን ሲያይ።

ሾዞ

ኅዳር 11፣ ጎቶ

ሾዞ፣

ሳልሰናበትህ በመሄዴ ይቅርታ አድርግልኝ። ለረዳትህ አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው ያልኩት ውሸት ነው። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ብዙ ሰዓት ተቀምጬ ነበር። አንተን ባገኝህ የምናገረው መጥፎ ነገር ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያም የምናገረው ምንም ነገር እንደሌለኝ ገባኝ።

ከተመልካቹ ወንበር ምን አየህ ላልከኝ፣ አንተ ያየኸውን ነው። የተቀመጥኩት ማሊያ ካልደረሳቸው ልጆችህ ኋላ ነበር። ከበሮ የሚመታውን ጓደኞቹ "ታይሺ፣ ጠንከር አድርገው" ሲሉት በዚህ ጆሮዬ እንኳ ሰማሁ። የናጊን ስም ከፍ አድርጎ የሚዘፍነው እሱ ነው።

ዜሮ ለዜሮ እንዳሉ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ናጊ በግራ በኩል ኳስ ደረሰው። ፊቱ የነበረው አንድ ተከላካይ ብቻ ነው፤ ከሱ ኋላ በረኛና ባዶ ሣር። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ። አንተም ሁለት እጅህን አንሥተህ "ሂድ" ስትለው አየሁ። ልጁ አንድ ጊዜ ወዳንተ አየ። ከዚያ ዞረና ወደ ኋላ አቀበለ፤ ጥሩ ቦታ ለቆመ ልጅ፣ ንጹሕ አድርጎ። ሰዉ አጨበጨበለት።

በመለያ ምቱ የሱን አስቆጠረ። ስለ ሌሎቹ ምንም አልልም፤ ሕፃናት ናቸው።

አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ሲነሡ "ስምንት ቁጥሩን አዩት? ሳንባው አይደክም። ለዛሬ ኳስ እንዲህ ያለ ልጅ ነው የሚያስፈልገው" አሉኝ። "የማን ልጅ ይሆን?" ሲሉ አላውቅም አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ አትጠይቀኝ። የዋሸሁም አልመሰለኝም።

ከዚያ ናጊ ዓይኑ አብጦ መጣ። "አባባ፣ ከሁለቱም ቡድን ብዙ የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ ተለክቷል" አለኝ። ስለዚያች ኳስ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር። ልጁ ግን የተሸነፈበትን ቀን የሚያተርፍለት አንድ ቃል ከኔ ይጠብቃል። "ጥሩ ሮጥክ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ።

ኩኒሂኮ

ጥር 4፣ ጎቶ

ሾዞ፣

የአዲስ ዓመት ካርድህና ረጅሙ ደብዳቤህ ባንድ ቀን ደረሱ። ሥራ ልለቅ ነው ያልከውን አንብቤ አስቀምጬዋለሁ። ብትለቅ የሚተካህ ሰው በምን ያስሮጣቸዋል? ተቀመጥ።

ሕፃን ሳለ እንዴት እንዳስተማርከው ጻፍልኝ፣ በዚያው መንገድ እመልሰዋለሁ ብለሃል። ወንድሜ፣ አላስተማርኩትም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የዓሣውን ወንፊት የሚሸከሙ ሴቶች ሲመላለሱ እሱ ኳሱን ይዞ በመካከላቸው ይሹለከለካል። "አንተ የባሕር አይጥ፣ ዓሣውን ታስደፋኛለህ" እያሉ ሊይዙት ይሞክራሉ፤ አይያዝም። አንዳንዴም ያስደፋቸዋል። ያን ጊዜ እነሱም እሱም እኔም መሬት ላይ ተቀምጠን ዓሣ እየለቀምን እንስቃለን። ማንም ጎበዝ አላለውም። ይህ ትምህርት ከሆነ ውሰደው፤ ግን ምን ታደርገዋለህ?

ያም ሆኖ በደብዳቤህ አንተው ሞክረው እንዳልከኝ አድርጌያለሁ። ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ኳስ ሰጥቼው ፊቱ ቆምኩ። "በል እለፈኝ" አልኩት። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ እኔን በርጩማም ያልፈኛል። ናጊ ኳሷን በጫማው ረግጦ ይዞ በጥንቃቄ አዳመጠኝ።

"ስንት ጊዜ ልድገመው?" አለኝ።

"እስኪሰለችህ" አልኩት። መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

በግራዬ አለፈኝ። ተመለሰና በግራዬ አለፈኝ። እንደገና በዚያው በኩል፣ በዚያው እርምጃ፣ ባለፈ ቁጥር ራሱን ዝቅ እያደረገ። "በሌላ በኩልስ?" ስለው በቀኝ ጀመረ፤ እሱንም እንደዚያው። ጉልበቴ ሲደክም ገባሁ። እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ የዓሣ ሳጥን አስቀምጦ ቀጠለ።

ይህን ስጽፍልህ ከመስኮቱ ይታየኛል። ፀሐዩ ሊጠልቅ ነው። ቺሆ "በበዓል እንኳ የማያርፍ ልጅ" ብላ በኩራት ሻይ ይዛለት ወጥታለች፤ ቆሞ አልጠጣም። አልሰለቸውም። የሚሰለቸውም አይመስለኝም።

እንዲያቆም ምን ብዬ ልንገረው? አቁም ብለው ያቆማል፤ እሱን አውቃለሁ። ሌላ ቃል ካለህ ጻፍልኝ።

ኩኒሂኮ